«ዩኒት» ሲባል ስንት ኢንዛይም ነው?

ጎንደር ውስጥ የላቦራቶሪ ተማሪዎችን ከሚያደናግሩ ቃላት አንዱ «ዩኒት» ነው። ዩኒት የኢንዛይሙ፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥነው ፕሮቲን፣ ክብደት ሳይሆን የሥራው መጠን ነው። ቅዳሜ ገበያ ክር ይዛ የወጣች ፈታይ ስንት እንዝርት እንዳላት ማን ይጠይቃታል? የሚታየው የፈተለችው ነው።

በ1970 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ቴሚንና ባልቲሞር ለየብቻ ያገኙት ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝም፣ አርኤንኤን አንብቦ ዲኤንኤ የሚሠራው ኢንዛይም፣ እንዲሁ ይለካል። የሚገለብጠው የአርኤንኤ ሰንሰለትና ምልክት የተደረገበት የዲኤንኤ ግብዓት ይሰጠዋል፤ ከዚያ አዲሱ የዲኤንኤ ክር ውስጥ የገባው ምልክት ይቆጠራል። በተለመደው ትርጓሜ አንድ ዩኒት በ37 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ በ10 ደቂቃ 1 ናኖሞል (የሞል አንድ ቢሊዮንኛ) ግብዓት የሚያስገባ የኢንዛይም መጠን ነው። ሙቀቱና ደቂቃው ሳይጻፍ የሚሰጥ ቁጥር፣ በእኔ እምነት፣ ቁጥር አይባልም። በሙቀት የተበላሸ ኢንዛይም በሚዛን ላይ ያው ነው፤ ዩኒቱ ግን ዜሮ።