ዳስተር በስም አንድ፣ በሥራ ለየቅል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ላይ «ዳስተር አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚሰጠው ዕቃ እንደቆመበት በር ይለያያል። ሄርማታ መርካቶ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከሆነ የሰሌዳ ማጥፊያ ይወጣለታል። መለዋወጫ ቤት ከሆነ «መኪናው የስንት ሞዴል ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ኮምፒውተር ጠጋኙ ዘንድ ደግሞ ጋዝ የሚተፋ ቆርቆሮ ነው። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ሥሩ አቧራ ነው። ግራ የሚያጋባው ግሡ ሁለት ተቃራኒ ሥራ መያዙ ነው፤ አቧራ ማራገፍም ይሆናል፣ ዱቄት መነስነስም ይሆናል። ስለዚህ አንዳንዱ ዳስተር ብናኝ ያነሳል፣ አንዳንዱ ብናኝ ይበትናል፤ ከአቧራ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ የሆነም አለ። አንዱን በሌላው ቦታ ማዋል ዕቃ ያበላሻል፤ ሰው የሚጎዳበት ጊዜም አለ።

«ዳስተር ማለት የሰሌዳ ማጥፊያ ነው፤ ፈረንጁም እንዲሁ ይለዋል»

እኛም ህንዶችም የሰሌዳውን ዳስተር እንላለን። አሜሪካኖች ግን «ኢሬዘር» ነው የሚሉት። እንግሊዝ አገር ዳስተር ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ቢጫ መወልወያ ጨርቅ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለትምህርት ቤት ከውጭ ዕቃ ለሚያዝ ሰው ግን ዋጋ ያስከፍላል። «ዳስተር» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው መቶ ፍሬ የላባ መጥረጊያ ሊመጣለት ይችላል። ትዕዛዙ ላይ «ለጥቁር ሰሌዳ» ወይም «ለነጭ ሰሌዳ» ብሎ መለየት ግዴታ ነው።

«ዳስተሩን ረጠብ ካደረጉት በደንብ ያጠፋል፤ ብናኝም አይኖርም»

ክፍል ውስጥ በብዛት የሚሠራው ስህተት ይህ ነው፤ ዳስተርንም ሰሌዳንም አብሮ ይገድላል። ጠመኔ የሚሠራው ከጀሶ ወይም ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። ብናኙ ውሃ ሲነካው ሊጥ ይሆንና በጨርቁ ውስጥ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይጠጥራል። በማግስቱ ዳስተሩ አያጠፋም፣ ይፍቃል። ሰሌዳው ላይ የሚቀረው ነጭ ግርፋት የዚህ ውጤት ነው። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ አየሩም እርጥብ ነው፤ አንዴ የረጠበ ዳስተር ቶሎ አይደርቅም፣ ሻጋታም ያወጣል።

ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነው። ቀን ቀን በደረቅ ዳስተር፣ ከላይ ወደ ታች ባንድ አቅጣጫ ይጠፋል። ወዲያና ወዲህ ማሸት ብናኙን ወደ አስተማሪው ፊት ያነሳዋል፤ ወደ ታች ሲሳብ ግን ሰሌዳው ሥር ያለው መያዣ ላይ ይወርዳል። ትምህርት ሲያበቃ ሰሌዳው ቀድሞ በደረቁ ይጠፋና በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ሳይደርቅ አይጻፍበትም። ዳስተሩ ደግሞ ውጭ ወጥቶ፣ ነፋስን ከኋላ አድርጎ፣ ሁለት ዳስተር ፊት ለፊት እያጋጩ ይራገፋል። ግድግዳ ላይ መደብደብ ግድግዳውን ማንጣት፣ እንጨቱንም መሰንጠቅ ነው።

ዳስተር ሁልጊዜ ተገዝቶ ይመጣል ያለውም ማነው? ጅማ የአናጢ አገር ናት። 13 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የዋንዛ ቁራጭ ለጀርባው ይበቃል። ያረጀ የሱፍ ብርድ ልብስ 13 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት እየተደረገ ይቆረጣል። ቁራጮቹ በጠርዛቸው ቆመው፣ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተጠጋግተው፣ 5 ሴንቲ ሜትሩን እስኪሞሉ ይደረደራሉ፤ እንደ ጨርቁ ውፍረት ከ10 እስከ 12 ይወስዳል። በእንጨት ኮላ ተለጥፈው፣ ከጎንና ከላይ ታስረው አንድ ሌሊት ያድራሉ። ጨርቁን ማስተኛት ሳይሆን ማቆም ነው ሚስጥሩ፤ ብናኙ በቅጠሎቹ መካከል ይገባል፣ ሲራገፍም ይወጣል። ምስማር ግን አይመታበት። ጨርቁ ሲበላ ምስማሩ ይወጣና ሰሌዳውን ይቦጭረዋል።

«የጠመኔ ብናኝ የሳንባ ነቀርሳ ያመጣል»

አያመጣም። የሳንባ ነቀርሳ የሚመጣው በባክቴሪያ ነው፤ የሚተላለፈውም ከታመመ ሰው ሳንባ በሚወጣ አየር ነው። ብናኙ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ዓይን ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ያስነሳበታል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል አስተማሪ «የጠመኔ ነው» ብሎ መተው የለበትም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር አለበት። አደገኛው ነገር ይህ ማመኻኛ ነው።

«የጥቁር ሰሌዳው ዳስተር ለነጩም ይሆናል»

በጭራሽ። በጨርቁ ውስጥ የቀረው ጠመኔ የነጩን ሰሌዳ ልባስ ይሞርደዋል። ልባሱ አንዴ ከተቧጨረ የማርከር ቀለም ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ጥላ ይተዋል፤ ያ ጥላ ከዚያ ወዲያ አይለቅም። በስህተት በቋሚ ማርከር ከተጻፈበት ግን ሰሌዳው አልጠፋም። በዚያው ጽሑፍ ላይ በነጭ ሰሌዳ ማርከር ደርቦ ወዲያው መጥረግ ነው፤ የአዲሱ ቀለም ማሟሟቻ አሮጌውን ይዞት ይወጣል። አልኮልም ይሠራል።

«ዳስተር መኪና የሬኖ ነው፤ ዳቺያ የተባለው አስመስለው የሠሩት ነው»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዳቺያ የሩማንያ ፋብሪካ ነው፣ ሚዮቬኒ ውስጥ ነው ያለው፤ ሬኖ የገዛው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዳስተር እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ የወጣው በዳቺያ ስም ነው። ህንድ፣ ሩሲያና ብራዚል የተሠሩት የሬኖ ዓርማ ተለጠፈባቸው፤ ኒሳንም ቴራኖ ብሎ የሸጠው አለ። እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1976 ፕሊመዝ የሸጠው ሁለት በር ያለው የአሜሪካ ዳስተርም አለ፤ ከዚህኛው ጋር ዝምድና የለውም። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ትውልድ የአካል ክፍሎች ስለማይገጣጠሙ መለዋወጫ በስም ብቻ አይጠየቅም፤ የሻንሲ ቁጥሩ ይያዛል። ሩማንያ የተሠራው ብዙ ጊዜ በ«ዩ ዩ 1» ይጀምራል።

«ዳስተር ከሆነ ፎር ባይ ፎር ነው»

ወደ አጋሮ ገጠር ወይም ወደ ቦንጋ መስመር ለሚወጣ ገዢ ይህ ስህተት ጭቃ ውስጥ አስቀምጦ የሚያሳድር ነው። በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ ዳስተር ሞልቷል፤ ከውጭ ሲታይ ልዩነቱ አይታወቅም። ከመሬት ያለው ከፍታም ቅርብ ለቅርብ ነው፤ በመጀመሪያው ትውልድ አንዱ 205፣ ሌላው 210 ሚሊ ሜትር። ለመለየት ሁለት ቦታ ይታያል። አንደኛው ከማርሹ አጠገብ ያለው መዞሪያ ነው፤ ፎር ባይ ፎሩ ሁለት ጎማ፣ አውቶ (እንደ መንገዱ ራሱ የሚመርጥ) እና ሎክ (አራቱንም ጎማ አንድ ላይ የሚያስነዳ) የሚሉ ሦስት ምርጫዎች አሉት። ሁለተኛው ከኋላ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው፤ ከፊት የሚመጣ ዘንግና ዲፈረንሻል ከሌለ ፎር ባይ ፎር አይደለም፣ ሻጩ ምንም ይበል።

ፎር ባይ ፎሩም ቢሆን ላንድ ክሩዘር አይደለም። ለከባድ ዳገት የሚገባ ሁለተኛ ዝቅተኛ ማርሽ የለውም። በምትኩ የማኑዋሉ አንደኛ ማርሽ በጣም አጭር ተደርጓል፤ ሞተሩ በደቂቃ 1000 ዙር ሲዞር መኪናው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል። አስፋልት ላይ በሁለተኛ የሚነሱ ሾፌሮች የሚበዙትም ለዚህ ነው። ሎክ ለጭቃና ለልቅ መሬት እንጂ ለደረቅ አስፋልት አይደለም።

ስለ ሞተሩም አንድ ነገር፦ 1.5 ናፍጣው በታይሚንግ ቺንጋ ነው የሚሠራው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። የተቀየረበት ማስረጃ የሌለው መኪና ከተገዛ ቺንጋው፣ መወጠሪያውና የውሃ ፓምፑ አብረው ይቀየሩ።

«የኮምፒውተር ዳስተር የታመቀ አየር ነው»

አየር አይደለም። ቆርቆሮው ውስጥ በግፊት ፈሳሽ የሆነ ጋዝ ነው ያለው፤ ብዙ ጊዜ ዳይፍሎሮኢቴን ነው፣ እሱ ደግሞ እሳት ይይዛል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ገመዱ ተነቅሎ፣ ከሰል ምድጃ በሌለበት ነው የሚነፋው። ቆርቆሮው ካጋደለ ወይም ከተገለበጠ ጋዙ በፈሳሽነቱ ይወጣል። የሚፈላው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቆዳ ያቃጥላል፣ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችንም ያረጥባል። ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ በአጭር በአጭሩ መንፋት ነው። ማራገቢያው በስቴኪኒ ይያዝ፤ በነፋሱ ኃይል ከልኩ በላይ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል።

ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ቆርቆሮ ይቆለፍበት። ጋዙን ሆን ብሎ መሳብ የልብን ምት አዛብቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳበውንም ጭምር።

«ጎሚስታ ቤት ማስነፋት ያው ነው» የሚሉም አሉ። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ታንክ ውሃና ዘይት ያጠራቅማል፤ እንደ ጅማ ባለ እርጥብ አየር ውሃው ይበዛል። ሌላ ምርጫ ከሌለ የታንኩ ውሃ ቀድሞ ይፍሰስ፣ ግፊቱ ከ2 ባር በታች ይውረድ፣ አፉም ከማሽኑ ይራቅ።

«የተባይ ዱቄት መንፊያ ዳስተር ብዙ ሲተፋ ይሻላል»

ይህ የሚበትነው ዓይነት ዳስተር ነው። የጎማ ኳስ ያለው የእጅ መንፊያ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይሞላል፤ ቀሪው ቦታ ዱቄቱን የሚያነሳው አየር ነው። ጢም ብሎ ከተሞላ እያጓጎለ ይወርዳል። ስንጥቅ ውስጥ የሚያስፈልገው ስስ ሽፋን ነው፤ ነፍሳት የተከመረ ዱቄት ሲያገኙ ዞረውት ያልፋሉ። ለማሳ የተሠራ ዱቄት ነቀዝ ለመከላከል ብሎ ለምግብ ከተቀመጠ በቆሎ ጋር መቀላቀል ግን መርዝ መብላት ነው። ለጎተራ እህል የተፈቀደው ብቻ፣ ጽሑፉ ላይ ባለው መጠን።

በአውሮፕላን መርጨትም «ክሮፕ ዳስተር» ይባላል፤ ስሙ የቀረው ከመጀመሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ኦሃዮ ውስጥ አባ ጨጓሬ ለመግደል የተበተነው በእርግጥም ዱቄት ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ፈሳሽ ነው። ዴልታ አየር መንገድም መነሻው ጥጥ ላይ ዱቄት የሚበትን ድርጅት ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ። «ናክል ዳስተር» ማጽጃ ሳይሆን ጣት ላይ የሚጠለቅ የብረት መደባደቢያ ነው፤ ከውጭ ዕቃ ሲታዘዝ ማንም አይሳሳትበት። ዳስተር ካፖርት ፈረሰኞችና የጥንት መኪና ነጂዎች ልብሳቸውን ከአቧራ ለመሸፈን ይደርቡት የነበረ ስስ ረጅም ካፖርት ነው።

የላባው ዳስተር ደግሞ አቧራ ያስወግዳል ተብሎ ይታመናል። የሰጎን ላባ በጥቃቅን ቅርንጫፎቹ የተወሰነውን ይይዛል፤ ርካሹ ፕላስቲክ ግን ከቁም ሳጥኑ አንስቶ አልጋው ላይ ያሳርፈዋል። በበጋ የጅማ ቀይ አቧራ ቤት ሲሞላ ከጣሪያው ሥር ጀምሮ ወደ ታች በላባው ይራገፋል፣ ሩብ ሰዓት ያህል እስኪረጋ ይጠበቃል፣ ከዚያ ዕቃው በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፤ ወለሉ የመጨረሻው ነው።