«ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም» ማለት ምን ማለት ነው?

«የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማንንም ከሁለት ጊዜ በላይ ፕሬዚዳንት እንዳይሆን ይከለክላል።» ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እንጃ። ሰሞኑንም አንድ ተንታኝ ደገመውና «አለቀ፣ ደቀቀ» ብሎ ዘጋው። አላለቀም። ገደቡን ያስቀመጠው የሕገ መንግሥቱ 22ኛው ማሻሻያ የሚለው «አይመረጥም» ነው፤ «አይሆንም» አይልም። ሕግ ሲያረቅቅ ለኖረ ሰው ሁለቱ ሰማይና ምድር ናቸው። ቃሉ አማርኛ ጠፍቶለትም አይደለም፤ የእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 ራሱ ርዕሰ ብሔሩን የሚገድበው በመመረጥ ነው።

ጀራልድ ፎርድ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ምክትል ሆኖ ተሾመ፣ በ1974 ኒክሰን ሲለቅ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሆነ እንጂ አልተመረጠም።

«ሁለቴ የተመረጠ ፕሬዚዳንት ምክትል ሆኖ፣ ዋናው ሲጎድል ተተክቶ መመለስ ይችላል ወይ?» የሚለው ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። እድር እናስብ። ደንቡ አንድ ቦታ «ሁለቴ የተመረጠ ዳኛ ሦስተኛ አይመረጥም» ይላል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ «ለዳኝነት ብቁ ያልሆነ ለምክትልነትም ብቁ አይደለም»። ሁለቴ ተመርጠው የጨረሱት ጋሽ እገሌ ለምክትልነት ይጠቆማሉ። አንዱ ተነስቶ «የተከለከሉት መመረጥ ብቻ ነው፣ ዳኛው ቢሞት ቢተኩ ምን አለበት?» ይላል። ሌላው «ይሄማ በጓሮ በር መግባት ነው!» ይላል። ጸሐፊው መዝገቡን ሲያገላብጥ የ«ብቁ» አንቀጽ ከምርጫ ገደቡ በ147 ዓመት ቀድሞ የተጻፈ ሆኖ ይገኛል። (የትኛው እድር 147 ዓመት ቆየ አትበሉኝ።)

የአሜሪካው ይኸው ነው። በ1800ው ምርጫ ለፕሬዚዳንትነት ቶማስ ጄፈርሰንና አሮን በር እኩል 73 ድምፅ አግኝተው፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ አሸናፊውን የለየው በ36ኛው ዙር ነበር። 12ኛው ማሻሻያ በ1804 የጸደቀው ያ እንዳይደገም ሲሆን የ«ብቁ» ዓረፍተ ነገርም እዚያው ውስጥ ገባ። ያኔ ብቁነት ማለት 35 ዓመት ዕድሜ፣ የትውልድ ዜግነትና የ14 ዓመት ነዋሪነት ነበር። የምርጫ ገደቡ (22ኛው ማሻሻያ) የመጣው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት አራት ጊዜ ከተመረጠ በኋላ፣ በ1951 ነው።

በነገራችን ላይ «ቢበዛ ስምንት ዓመት» የሚባለውም ስህተት ነው። ሌላ ሰው ከተመረጠበት ዘመን ላይ ከሁለት ዓመት ያልበለጠ የሠራ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መመረጥ ይችላል፤ ድምሩ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። ኬኔዲን የተካው ሊንደን ጆንሰን በ1968 ያልተወዳደረው ሕግ ከልክሎት አልነበረም።

እንግዲህ «ቀዳዳ አለ፣ ስለዚህ ይቻላል» የሚለውም ወገን አይፈንጥዝ። «ለመመረጥ የማይበቃ ለሥልጣኑም አይበቃም» የሚለው ንባብ ጠንካራ ነው፣ እኔም ወደዚያው አደላለሁ። ግን ይህን የወሰነ ፍርድ ቤት እስካሁን የለም። ጉዳዩ ከመጣም መጀመሪያ የሚፋጠጠው በየክፍለ ግዛቱ፣ ስሙን ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ላትም አላትም በሚል የምርጫ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ነው።