ሻትል ምንድን ነው?

ሸማኔ ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው መወርወሪያን ያውቃታል። ማግ የተጠቀለለበትን ቀሰም በሆዷ ይዛ በድሩ መካከል ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ትመላለሳለች። እንግሊዞች ይህችን ዕቃ «ሻትል» ይሏታል። በሁለት ቦታዎች መካከል የሚመላለስ መኪና ስሙን ያገኘው ከእርሷ ነው። ስለዚህ ቃሉ የመኪናውን ዓይነት አይነግረንም፤ ሚኒባስም አውቶቡስም ሻትል ሊሆን ይችላል። የሚነግረን መመላለሱን ነው።

እኛ ዘንድ ሻትል ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ስሙን በሩ ላይ አስጽፎ እንግዳውን የሚጠብቅ የሆቴል መኪና ነው። እርሱ አንዱ ዓይነት ነው፤ «ነጻ» ቢባልም ወጪው ብዙውን ጊዜ ከአልጋው ዋጋ ውስጥ አለ። እዚህ ላብራራ የፈለግሁት ሌላውን፣ የጋራውን ሻትል ነው። የማይተዋወቁ መንገደኞች በአንድ መኪና ተዳብለው፣ እያንዳንዳቸው ለተቀመጡበት ወንበር ብቻ ከፍለው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ መሀል ከተማ የሚገቡበት አሠራር ነው።

ከኮንትራት የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በኮንትራት ዋጋ የሚቆረጠው ለመኪናው ነው፤ ብቻዎን ቢሳፈሩም አምስት ቢሆኑም ሒሳቡ ያው ነው። በጋራው ሻትል ዋጋ የሚቆረጠው ለወንበሩ ነው። ለምሳሌ ኮንትራቱ 600 ብር ነው እንበል። መኪናው ስምንት ሰው ጭኖ ከእያንዳንዱ 100 ብር ቢቀበል፣ መንገደኛው 500 ብር ይተርፈዋል፤ ሾፌሩ ደግሞ 800 ብር ይዞ ይገባል። በአንድ ጉዞ ሁለቱም ይጠቀማሉ ማለት ነው። ጣና ዳር ለኖረ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። ወደ ዘጌ ገዳማት ለመሄድ ጀልባ የሚከራዩ እንግዶች ወደቡ ላይ ሌላ እንግዳ ፈልገው ሒሳቡን ሲካፈሉ እናያለን።

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ተሳፍሬ ባሕር ዳር ስወርድ አንዲት እናት ከፊቴ ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የራጅ ፊልም የያዘ ትልቅ ፖስታ በደረታቸው ታቅፈዋል። ሾፌሩ የኮንትራት ዋጋ ሲነግራቸው መልስ አልሰጡም፤ ፖስታውን ወደ ሌላኛው ክንዳቸው አዛወሩ።

«እናቴ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?» አልኋቸው።

«ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ልጄ፣ እህቴ ተኝታብኛለች።»

እኔ ወደ ጊዮርጊስ ነበርሁ። ከኋላችን የቆመ ተማሪ ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ይሄዳል። አብረን እንሂድ ስንል ሾፌሩ «ሦስት ቦታ ካቆማችሁኝ ትንሽ ጨምሩ» አለ። ልክ ነበር፤ እያንዳንዱ ማቆሚያ ጊዜና ነዳጅ ይበላል። ጨመርንለት። ሆስፒታሉ በር ላይ እናታችን ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ብር ፈትተው ድርሻቸውን ሲሰጡኝ «ይኸው ብቻ ነው?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

የጋራ ሻትል የሚያዋጣው መንገዱ ቀጥተኛ ሲሆን ነው። በአሜሪካ ሱፐርሻትል የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1983 ሎስ አንጀለስ ላይ ተመሥርቶ መንገደኞችን በየደጃፋቸው ሲያደርስ ኖሮ፣ በ2019 መጨረሻ አገልግሎቱን አቁሞ ነበር። ውድድሩ ብርቱ ነበር። በዚያ ላይ በተንጣለለ ከተማ አንዱ ወደ ሰሜን ሌላው ወደ ደቡብ ሲሄድ፣ መጨረሻ የሚወርደው ሰው ከተማውን ሁሉ ዞሮ ነው ቤቱ የሚገባው። የባሕር ዳር አቀማመጥ ግን ለዚህ ሥራ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። አውሮፕላን ማረፊያው ከመሀል ከተማው በስተምዕራብ ነው፤ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከተማዋ ከዚያ ጀምራ በሐይቁ ዳር ዳር ወደ ምሥራቅ እስከ ዓባይ ድልድይ ትዘረጋለች። ፈለገ ሕይወት፣ ጊዮርጊስ፣ ድልድዩ፤ ሁሉም በመንገድ ላይ ናቸው። መንገደኛውም ከአንድ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ በአንድ በር ይወጣል። የሚጎድለው በሩ ላይ የሚሰቀል አንድ ሰሌዳ ነው፤ የወንበሩ ዋጋ፣ የማቆሚያዎቹ ስም፣ መኪናው የሚነሣበት ደቂቃ። ይህን መስቀል ከባድ ነው ብዬ አላምንም።

ደቂቃው ቀላል ነገር እንዳይመስልዎት። መነሻው ያልተወሰነ ሻትል «እስኪሞላ» ከሚጠብቅ ሚኒባስ አይለይም። ሻንጣዎ ከመጫኑ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ዋጋው ለወንበር ነው ወይስ ለመኪና? ቢበዛ ስንት ደቂቃ እንጠብቃለን? ዕቃ የበዛበት ሰው ለዕቃው ይጨምር እንደሆነም እዚያው ይነጋገር። ጭቅጭቅ የሚነሣው ሁልጊዜ በመውረጃው ላይ ነው።

በመልስ ጉዞ ላይ ተራው ይገለበጣል። በረራው ከጧቱ 3 ሰዓት ከሆነና 1 ሰዓት ላይ መድረስ ካለባችሁ፣ ሆስፒታሉ አካባቢ ያለው ሰው 12 ሰዓት ከ40 ላይ ቢነሣ ይደርሳል፤ የፔዳው ግን 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ደጅ ቆሞ መጠበቅ አለበት። ሲመጣ መጨረሻ የወረደው ሰው ሲሄድ መጀመሪያ የሚነሣው እርሱ ነው። ስለዚህ ወንበር ሲይዙ የበረራውን ሰዓት ብቻ ሳይሆን የሚያድሩበትንም ሰፈር ለሾፌሩ ይንገሩት።