በሳንታ ክላራ ካውንቲ የከርሰ ምድር ውሃን ከማሟሚያ ኬሚካል ለማጽዳት የሚያስፈልጉ ፈቃዶች

ሳንታ ክላራ ካውንቲ ሲሊከን ቫሊ ያለበት ነው። ሳን ሆዜ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ በየቀኑ ይረግጠዋል፤ ከእግሩ ስር ያለውን ግን ልብ የሚል ጥቂት ነው። በአሜሪካ ከየትኛውም ካውንቲ በላይ የሱፐርፈንድ ቦታዎች የተመዘገቡት እዚህ ነው፤ 23 ናቸው። ሱፐርፈንድ በ1980 የወጣ፣ በጣም የተበከሉ ቦታዎችን የሚመለከት የፌዴራል ሕግ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ብክለቱ በአብዛኛው የቺፕ ፋብሪካዎች ዕቃ ያጸዱባቸው ከነበሩት ማሟሚያዎች የመጣ ነው፤ ትራይክሎሮኤቲሊን (ቲሲኢ) እና ትራይክሎሮኤቴን (ቲሲኤ) ዋነኞቹ ናቸው።

ካሊፎርኒያ ፖርተር ኮሎኝ የተባለውን የውሃ ሕጓን ያወጣችው በ1969 ነው። የክልል የውሃ ጥራት ቦርዶች ዛሬም የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው።

ነገሩ የፈነዳው ግን በ1981 መጨረሻ ነው። ደቡብ ሳን ሆዜ በሚገኘው ፌርቻይልድ የተባለ የቺፕ ፋብሪካ መሬት ውስጥ የተቀበረ የቆሻሻ ማሟሚያ ታንክ ሲያፈስ ቆይቶ ተገኘ። ቲሲኤው በአቅራቢያው ያለ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጉድጓዱ ተዘጋ። የሠፈሩ እናቶች የፅንስ መጨናገፍና ከችግር ጋር የሚወለድ ሕፃን በዛብን አሉ። የስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት አጥንቶ በ1985 ቁጥሩ በእርግጥ ከሚጠበቀው በላይ መሆኑን አመነ፤ ምክንያቱ ውሃው ነው ለማለት ግን አልደፈረም፣ ክርክሩም እንደዚያው ቀረ። በሕግ በኩል ግን ካሊፎርኒያ አልተኛችም፤ በ1983 የመሬት ውስጥ ታንክ ሕግ አወጣች። የፌዴራሉ መንግሥት የተከተላት በዓመቱ ነው።

ወደ ፈቃዱ እንምጣ። «የጽዳት ፈቃድ» የሚባል አንድ ወረቀት የለም። ጥያቄው ሁሉ ከመሬት የወጣው ውሃ የት ይሄዳል የሚል ነው። ተጣርቶ በዝናብ ውሃ መውረጃ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ከተለቀቀ የክልሉ ውሃ ቦርድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቦርዱ ለዚህ ጠቅላላ ፈቃድ ስላለው እያንዳንዱ አመልካች ከዜሮ አይጀምርም (ብልህ አሠራር ነው፣ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል)። ወደ ፍሳሽ መስመር ከገባ የከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ ይፈቅዳል። ማሟሚያውን በአየር እያነፈሰ የሚያወጣ ማማ ከተተከለ የአየር ጥራት ወረዳው ይመጣል። ያገለገለው የከሰል ማጣሪያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይቆጠራል፣ በሰነድ ታጅቦ ነው የሚጓዘው። አንዲት የክትትል ጉድጓድ ለመቆፈር እንኳ ቫሊ ዋተር የተባለው የካውንቲው ውሃ መሥሪያ ቤት መፍቀድ አለበት።

ሱፐርፈንድ ላይ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። በ1986 የተጨመረው አንቀጽ 121 ሙሉ በሙሉ በቦታው ላይ ለሚሠራ ጽዳት ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲህ ነፃ ነን» ይላል። አይደለም! የቀረው ወረቀቱ ነው እንጂ ፈቃዱ ውስጥ ይጻፍ የነበረው የመጠን ገደብ ሁሉ እንዳለ ነው። ከቦታው ውጭ ለሚሠራ ሥራ ደግሞ ወረቀቱም ያስፈልጋል።

ገደቡ ቀልድ አይደለም። በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚፈቀደው ቲሲኢ በሊትር 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ናሙና አወሳሰዱ ራሱ ጥበብ ነው። ጠርሙሷ ትንሽ ናት፣ 40 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። ውሃው አፏ ላይ ጉብ እስኪል ትሞላታለህ፣ ቀስ ብለህ ትከድናለህ፣ ገልብጠህ በጣትህ መታ መታ ታደርጋታለህ። አረፋ ሽቅብ ካለ አልሆነም፤ ማሟሚያው ወደዚያች አየር ይተንና ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል፣ እንደገና ይቀዳል። ከዚያ በረዶ ላይ ተደርጋ ላብራቶሪ ትላካለች፤ አሲድ ከተጨመረባት በ14 ቀን ውስጥ መመርመር አለባት።

ማውንቴን ቪው ውስጥ ያለው ሚድልፊልድ፣ ኤሊስ፣ ዊስማን የተባለው ቦታ ከሁሉ የታወቀው ነው። ፌርቻይልድ፣ ኢንቴልና ሬይተን በኃላፊነት ከተጠየቁት መካከል ናቸው። የጽዳት ውሳኔው በ1989 ተፈረመ፤ ውሃውን እያወጡ ማጣራት፣ ብክለቱ እንዳይሰፋም መሬት ውስጥ ግድግዳ መቅበር። ግን ቲሲኢ ከውሃ ስለሚከብድ ወደታች ይሰምጣል፣ ጭቃ ውስጥ ተደብቆም ለዓመታት ቀስ እያለ ይወጣል። ተኑ ሽቅብ ወጥቶ ሕንፃ ውስጥ እንደሚገባም ታወቀና በ2010 ውሳኔው ተሻሻለ።

ማውጣቱ ሲያሰለች አሁን የአትክልት ዘይት ወይም ፐርማንጋኔት የተባለ ማሟሚያውን የሚሰባብር ኬሚካል መሬት ውስጥ መክተት ተለምዷል። ይህም የራሱ ሕግ አለው፤ የሚከተትበት ጉድጓድ በፌዴራሉ የማስገቢያ ጉድጓዶች ምደባ አምስተኛ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ቦርዱም ያየዋል። መጠንቀቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ዘይቱን የሚመገቡት ባክቴሪያዎች ቲሲኢን ሲሰባብሩ መንገድ ላይ ቪኒል ክሎራይድ ይፈጠራል፣ ሥራው እዚያ ላይ ከቆመ ከበፊቱ የባሰ መርዝ ነው። በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለቪኒል ክሎራይድ የካሊፎርኒያ ገደብ በሊትር 0.5 ማይክሮግራም ሲሆን የፌዴራሉ 2 ነው።

ሁሉም አልቆ ቦርዱ «በቃ» ሲል ደግሞ ጉድጓዶቹ በሲሚንቶ ይደፈናሉ። ለዚያም ተመልሶ ቫሊ ዋተር ዘንድ ሄዶ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው።