አደጋ ባይደርስም «ጉዳት» ይባላል?

ዳውሮ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ሲቆፍር ዓመታት ያሳለፈ ጎረቤቴ፣ ሐዋሳ ከተመለሰ ወዲህ ሳሉ አልለቅ ብሎታል። አሠሪው «ምን አደጋ ደረሰብህና ነው ካሳ የምትጠይቀው?» ሲለው አምኖ ዝም አለ። ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት» ማለት አደጋ ብቻ አይደለም፤ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም ይጨምራል። ናዳ ባይወድቅበትም፣ ለዓመታት የተነፈሰው የከሰል ብናኝ ሳንባውን አጥቁሮ ጠባሳ ካበጀበት ያ ጉዳት ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በመርህ ደረጃ ኃላፊ ነው። በሽታው በአዋጁ መሠረት በሚወጣው የሥራ በሽታዎች ሠንጠረዥ ከተዘረዘረና ሠራተኛው ከበሽታው አንጻር የተጠቀሰውን ሥራ ከሠራ ደግሞ፣ በሽታው ከሥራው ለመምጣቱ ይህ በራሱ በቂ ማስረጃ ይሆናል። በአካባቢው የተዛመተ ወረርሽኝ ግን በዚህ አይቆጠርም፤ ወረርሽኙን ለመከላከል የተመደበ ሠራተኛ ካልሆነ በቀር።

ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ሳል ይዞኛል» ብቻ አትበሉ። የት፣ ስንት ዓመት፣ ምን ስትሠሩ እንደነበር አስመዝግቡ። የከሰል ብናኝ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ይምታታል፤ የሥራ ታሪካችሁ ካልተነገረው ሐኪሙ በራጅ ብቻ ለመለየት ይቸገራል። የቅጥር ውላችሁንም አትጣሉ።