የራስበሪ ፓይ ሰዓት

ራስበሪ ፓይ መዳፍ ላይ የምታርፍ ኮምፒውተር ናት። ፓይ 4 እስከሚባለው ሞዴሏ ድረስ ግን የራሷ ሰዓት አልነበራትም። ዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ሳንቲም የመሰለች ባትሪ እዚህ የለችም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሰዓቷም ይቆማል። ስትነሳ ኢንተርኔት ካገኘች ጊዜውን ከዚያ ትወስዳለች። ካጣች ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ፋይል ላይ ከጻፈችው ሰዓት ትቀጥላለች። ማታ 2 ሰዓት ሄዶ ጠዋት 1 ሰዓት የመጣ መብራት ለእሷ ጭራሽ አልሄደም ማለት ነው። ሙቀት ወይም የውኃ መጠን እየለካች የምትመዘግብ ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሰዓቱ ከተሳሳተ መዝገቡን ማን ያምነዋል?

መፍትሔው ባትሪ ያለው የሰዓት ቺፕ መጨመር ነው። በብዛት የሚገኙት ዲኤስ1307 እና ዲኤስ3231 ናቸው። ሁለቱም በሰከንድ 32,768 ጊዜ በሚርገበገብ ክሪስታል ይሠራሉ። ይህን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ብትከፍሉት 1 ይመጣል፤ ሰከንዱ የሚገኘው እንደዚያ ነው። ክሪስታል ግን ሙቀትና ብርድ ያዛባዋል። ዲኤስ3231 ሙቀቱን ራሱ እየለካ ያስተካክላል፤ ስህተቱም በዓመት ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ዲኤስ1307 በቀን ከአንድ ሰከንድ በላይ ሊስት ይችላል። እኔ ያለ ማመንታት ዲኤስ3231ን ነው የምመርጠው።

አራት ሽቦ ይበቃል፦ 3.3 ቮልት፣ ግራውንድ፣ ዳታ እና ክሎክ። ከዚያ የፓይ ማስተካከያዎች በሚጻፉበት ኮንፊግ ፋይል ላይ የቺፑ ስም ይጨመራል። ቦርዱ እንደገና ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ የሲስተሙን ሰዓት አስተካክሉ፤ ቀጥሎ ኤችደብሊው ክሎክ በሚባለው ትእዛዝ ቺፑ ላይ ጻፉት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የተሳሳተው ሰዓት ቺፑ ላይ ይቀመጣል።

ባትሪው ላይ ተጠንቀቁ። ቺፑን ከባትሪ ማስቀመጫው ጋር የያዙት ርካሾቹ ሰማያዊ ሞጁሎች የቻርጅ መስመር አላቸው። 5 ቮልት ከተሰጣቸው ቻርጅ የማይደረገውን ሲአር2032 ባትሪ ቻርጅ ለማድረግ ይሞክራሉ፤ ይህ አደገኛ ነው። በ3.3 ቮልት አሠሯቸው፣ ወይም የቻርጁን ሬዚስተር ንቀሉት።

በ2023 የወጣችው ፓይ 5 ሰዓቱ አብሯት ይመጣል፤ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል።

ቺፑ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ዩቲሲ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ቢሆን ይሻላል። አዲስ አበባ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቺፑ 06:00 ካለ በትክክል እየሠራ ነው።