ሳይታጨድ የሚደርቅ ሣር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዘመነ ጽጌ ላይ ነን። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ እስከ መንዝ፣ ይህ ጊዜ ማጭድ የሚሳልበት ነው። ክረምቱን ተከልሎ የከረመው ሣር ደርሷል። ጠዋት ውርጩ ለቀቅ ሲል አጫጁ መስኩ ውስጥ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ በዚሁ ወቅት ከሚሰበኩት ምስባኮች፣ ከዳዊት መዝሙር ከሚዜሙት ጥቅሶች፣ አንዱ «ሰብእሰ ከመ ሣዕር መዋዕሊሁ፤ ወከመ ጽጌ ገዳም ከማሁ ይፈሪ» ይላል። ሰው ዘመኑ እንደ ሣር ነው፤ እንደ ዱር አበባም እንዲሁ ያብባል ማለት ነው (መዝ 102፥15)።

ይህን ቃል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ነው። «ምን እናድርግ፣ ሁላችንም ሣር ነን» እንባባላለን። ከንፈር እንመጥጣለን። ቡና ይቀርባል፣ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። የተባለው እውነት ነው። ግን እዚያ ላይ ብቻ ከቆምን የቃሉን ግማሽ ነው የሰማነው። ገበሬ ሣር እንደሚደርቅ ስላወቀ ተቀምጦ አያዝንም። ይቸኩላል። ያጭደዋል፣ ያደርቀዋል፣ ይከምረዋል። ሜዳ ላይ ቢቀር ጠፊ የነበረው ሣር ድርቆሽ ሆኖ በበጋ ከብት ያኖራል። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ዘመናችን አጭር መሆኑ ተወስኗል፤ ታጭዶ ለማን እንደሚቀርብ ግን ለእኛ ተትቷል።

መጽሐፍ ቅዱስ ሳይታጨድ ስለሚቀር ሣርም ይናገራል። መዝሙር 128 ላይ ጽዮንን የሚጠሉ ሰዎች በሰገነት ላይ በበቀለ ሣር ተመስለዋል። ሣሩ ሥር የለውም። ሳይነቀል ይደርቃል። አጫጁ እጁን አይሞላበትም፤ በመንገድ የሚያልፍም «የእግዚአብሔር በረከት በእናንተ ላይ ይሁን» አይልም። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ለእኛ አገር ሰው በደንብ ትገባዋለች። አጫጆች እየሠሩ ሳለ ዝም ብሎ የሚያልፍ ማን አለ? «እግዜር ይባርክ!» ሳይል የሚሄድ መንገደኛ ባለጌ ነው የሚባለው። ቦዔዝም ከቤተ ልሔም መጥቶ አጫጆቹን ሰላም ሲል «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» ነበር ያላቸው፤ እነርሱም መረቁት (ሩት 2፥4)። እንግዲህ ምርቃት የሚገኘው የሚታጨድ ነገር ካለበት መስክ ነው። ሰው ከፍ ብሎ ቢበቅል፣ ከሩቅ ቢታይም፣ ማንም እጁን የማይሞላበት ከሆነ የሰገነት ሣር ነው።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ሣር አብቦ ገና ለጋ ሳለ ቢታጨድ ለከብት ጉልበት ይሆናል። አርጅቶ፣ ዘሩን አራግፎ፣ አገዳ ብቻ ሲቀር ቢታጨድ ክምሩ ትልቅ ይሆናል እንጂ ከብቱን አያጠግብም። ወጣቶች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። «ንስሐ በስተርጅና» የሚል ሐሳብ በመካከላችን አለ። እግዚአብሔር የአሥራ አንደኛውን ሰዓት ሠራተኛም ይቀበላል፤ ቸር ነው። ግን ያበባችሁበትን ዘመን ለዓለም ሰጥታችሁ ለእርሱ አገዳውን ለማቅረብ ማቀድ ልብን አያሳርፍም። በሌላ በኩል ደግሞ ሳይደርቅ የተከመረ ሣር አለ። እርጥቡ ውስጥ ውስጡን ይሻግታል፤ ይሞቃል። ሙቀቱ ሲበረታ ክምሩ በራሱ እሳት የሚይዝበት ጊዜም አለ። ዛሬ ንስሐ ገብቶ ነገ አስተማሪ ለመሆን የሚቸኩል ሰው ሳይ ይህ ያስጨንቀኛል። ፀሐይ ላይ የምንሰነብትበት ጊዜ ያስፈልገናል። ጾም፣ ስግደት፣ የንስሐ አባትን ምክር ዝም ብሎ መስማት ያ ፀሐይ ነው።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ሜዳ ሣር ሲናገር ዛሬ ያለ፣ ነገም ወደ እቶን የሚጣል መሆኑን ጠቅሷል (ማቴ 6፥30)። በእርሱ አገር ደረቅ ሣር ለምድጃ ማንደጃ ነበር። በእኛ ደጋም ሣር መጨረሻው እሳት ነው፤ መንገዱ ግን ይረዝማል። መጀመሪያ ላሚቱ ትበላዋለች፣ ወተት ይሆናል። በሬው ይበላዋል፣ እርሻ ይታረሳል። ከዚያ በኋላ ኩበት ሆኖ ምጣድ ሥር ይገባል፣ እንጀራ ይጋገርበታል። በቀጥታ እሳት ላይ ቢጣል ኖሮ ቦግ ብሎ ያልቅ ነበር። የእኛም ሥጋ መጨረሻው አፈር ነው። እዚያ እስኪደርስ በስንት ሰው ጉሮሮ በኩል ያልፋል? ጌታ ይህን የተናገረው ግን ሊያስፈራን አይደለም። ለአንድ ቀን ሣር ይህን ያህል ልብስ የሰጠ አባት እናንተን አይረሳም ሲለን ነው። ኑሮው በከበደበት በዚህ ዘመን፣ ለነገ ምን እበላለሁ እያላችሁ የምታድሩ እናቶች፣ ይህ ቃል ለእናንተ ተብሏል።

ርብቃን ተመልከቱ። የአብርሃም ሎሌ ከግመሎቹ ጋር ደክሞት ሲደርስ «በእኛ ዘንድ ገለባና ገፈራ የሚበቃ ያህል አለ፥ ለማደሪያም ደግሞ ስፍራ አለ» አለችው (ዘፍ 24፥25)። ከሰውየው ራት በፊት የግመሎቹን መኖ አሰበች። የመሸበት እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ለበቅሎው ሣር የሚያቀርቡ አያቶቻችንም ይህን ወግ ያውቁ ነበር። የይስሐቅ ሚስት የመሆኗ ነገር ማድጋዋን ዘንበል ካደረገችበትና ገለባ አለን ካለችበት ደጅ ጀመረ። ጌታ አምስት ሺህ ወንዶችን ሲመግብም ዮሐንስ በዚያ ስፍራ ብዙ ሣር እንደነበረ ይነግረናል (ዮሐ 6፥10)። የተራበው ሕዝብ የተቀመጠው ሣሩ ላይ ነው።

ድርቆሽ ግን ቦታውን ከሳተ አደጋ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ መሠረቱ ኢየሱስ ክርስቶስ እንደሆነ ተናግሮ፣ በዚያ ላይ አንዱ በወርቅ፣ አንዱ በብር፣ አንዱ በእንጨት፣ በሣር፣ በአገዳ እንደሚያንጽ ይነግራቸዋል። የእያንዳንዱንም ሥራ እሳት ይፈትነዋል (1ኛ ቆሮ 3፥11-15)። ይህን ለማየት መንዝ መሄድ ይበቃል። የጥንቱ የመንዝ ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። እሳት ሲነሳ ክዳኑ በደቂቃ ያልቃል። ድንጋዩ ጠቁሮ ይቆማል። ሐዋርያው ሥራው የተቃጠለበት ሰው እርሱ ራሱ ይድናል፣ ነገር ግን በእሳት እንደሚድን ይሆናል ያለው እንዲህ ያለውን ነው።

የቆሮንቶስ ሰዎች ሣር ምን ነበር? «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» ማለት ነበር። የእኛስ? ካሜራ እስኪዘጋጅ የሚጠበቅ ምጽዋት። በማኅበር ውስጥ ለወንበር የሚደረግ ሽኩቻ። እገሌ ዘማሪ ይሻላል፣ እገሌ ሰባኪ ይበልጣል እያሉ ሌሊቱን ስልክ ላይ መሰዳደብ። ብዙ ይመስላል፣ ክምሩ ከሩቅ ይታያል። ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል፣ ምክንያቱም ያንኑ ጉልበት ለግርግሙ ብንሰጠው ስንቱ ነፍስ በዳነበት።

ግርግም ካልሁ አይቀር፣ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ነቢያት የናፈቁትን ልደት እየጠበቅን እንጾማለን። ቅዱስ ሉቃስ እመቤታችን ሕፃኑን በግርግም እንዳስተኛችው ጽፏል፤ ግርግም ውስጥ ምን እንደሚገኝ ለእኛ ገበሬ መንገር አያስፈልግም። የዓለም ጌታ የመጀመሪያ መኝታው የከብት መኖ ማስቀመጫ ሆነ። ኢሳይያስም በሬ የገዢውን፣ አህያ የጌታውን ጋጣ አወቀ፣ ሕዝቤ ግን አላወቀም ብሎ አዝኖ ነበር (ኢሳ 1፥3)።

ስለዚህ በዚህ ወር አንድ ነገር እንድናደርግ እለምናችኋለሁ። የመንዝ አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድር በጋራ ከልለው፣ ለዓመታት ጠብቀው፣ ሲደርስ በሥርዓት ከፍተው አብረው ያጭዱ ነበር። እኛም በየአጥቢያችን የሚያጭድላት የሌላት መበለት፣ ልጁ ርቆ የሄደበት ሽማግሌ፣ አንዲት ላም ብቻ ያለው ቤት እንፈልግ። ከቅዳሴ በኋላ በደቦ ወጥተን እናጭድላቸው፣ እንከምርላቸው። ከተማ ያላችሁ ደግሞ የአንድ ቀን የካፌ ወጪያችሁን አዋጡና ለአንዲት እናት ላም ድርቆሽ ይገዛላት። ስም አይጻፍበት፣ ፎቶም አይነሳ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።